ጋሽ ስንሻው የቆሙበት ደጅ

ጋሽ ስንሻው ማረፋቸውን የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ ነው። ስልኬ ድምፅ ስታሰማ አየኋት፤ የድሮ መሥሪያ ቤታችን ሰዎች የተሰባሰቡበት የቴሌግራም ግሩፕ ነው። የጋሽ ስንሻው ፎቶ፣ ከጎኑ የምትነድ ሻማ፣ ከሥሩ ደግሞ «ነፍስ ይማር»፣ «ነፍስ ይማር» እያለ የሚወርድ ሰልፍ። አንዱማ የሚያለቅስ ፊት ብቻ ለጥፎ አልፏል። ከጎኔ የማላውቃት ሴት ዶሮ ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ባለባጃጁ ዘፈን ከፍቷል። «ወራጅ አለ» ብዬ ቤቴ ሳልደርስ ወረድኩና ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጥር ሥር ቆሜ አለቀስኩ። ካለቀስኩት ይልቅ የተናደድኩት ይበልጣል። የሌላ ሰው ሞት ቢሆን እሺ፤ የጋሽ ስንሻው ሞት እንዲህ ይነገራል? ሰውየው ዕድሜያቸውን የጨረሱት ይህንኑ ሲታገሉ አልነበረም እንዴ!

ለማያውቃቸው ሰው ልንገር። አንድ የውኃ ፕሮጀክት ነበር፤ በየገጠሩ ምንጭ ያጎለብታል፣ የእጅ ፓምፕ ይተክላል። እሳቸው ሾፌር፣ እኔ ፍኖተ ሰላም ቢሮ ተቀምጬ ሬዲዮ መገናኛውን የምይዝ። ሦስቱም መኪኖቻችን ሬዲዮ ነበራቸው፤ ከኋላ መከላከያው ላይ ተተክሎ ከጣሪያው በላይ የሚወዛወዝ ረጅም አንቴና፣ ከፊት አንድ ሳጥን፣ ከሳጥኑ በተጠማዘዘ ገመድ የተንጠለጠለ ማይክ። ማይኩን ሲጫኑ መናገር፣ ሲለቁ መስማት ነው፤ ሁለቱን በአንዴ ማድረግ አይቻልም። የተናገሩትን ደግሞ እዚያ ቻናል ላይ ያለ ሁሉ ይሰማዋል።

ጎጃሜ ለዚህ ዕቃ አልተፈጠረም። ሰላምታችን ድርብርብ ነው፤ አንዱ «እንዴት ዋላችሁ» ሲል ሌላው «እግዚአብሔር ይመስገን» እያለ በላዩ ላይ ይጠይቃል። በሬዲዮ ሁለት ሰው እኩል ከተጫነ የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው። አዲስ የገቡ ሾፌሮች ማይኩን ጨምድደው ይይዙና «ምነው መልስ አጣሁ?» እያሉ ይቆጡኛል። «ይልቀቁታ!» እላለሁ፤ እንዴት ይሰሙኝ፣ ተጭነውት! ጋሽ ስንሻው ግን የተለዩ ነበሩ። መኪናቸውን ከፍታ ቦታ ፈልገው ያቆማሉ፣ ሞተር ያጠፋሉ፣ ከአፋቸው የማይለየውን መፋቂያ ያወጣሉ፤ «ጥፍ» የምትለዋን ድምፅ እሰማታለሁ። ከዚያ ቀስ ብለው «ወይዘሪት ትርንጎ፣ እንደምን ዋሉ፣ ኦቨር» ይላሉ፤ ኦቨር ማለት ጨርሻለሁ፣ ተራው ያንቺ ነው ማለት ነው። ቢሮ ስንገናኝ «አንቺ ልጅ» የሚሉኝ ሰው በሬዲዮ አንቱ ይሉኝ ነበር። «ማን እንደሚሰማ አይታወቅም፤ ሰው ባለበት ማክበር ነው» ባይ ናቸው። አጭር ሰው ናቸው፤ መቀመጫቸው ላይ ትራስ አድርገው ነው የሚነዱት፤ ሹራባቸውን በጋ ከክረምት አያወልቋትም።

ከዚያ ስልክ ጠፋ። ስንት ወር እንደጠፋ መቁጠሩን ትቼዋለሁ። ምክንያቱን አገር ያውቀዋል፤ ማውራቱም ይደክማል። ብቻ አንድ ቀን ጠዋት ኔትወርክ የለም ተባለ፤ በማግስቱም የለም፤ ከዚያ ሰው መጠየቁንም ተወው። ያቺ ሳጥን ያኔ የአገሩ ስልክ ሆነች። ጠዋት ቢሮ ስደርስ በሩ ላይ ሰው ይጠብቀኛል። «ቡሬ ላለው ወንድሜ ደህና ነች በይልኝ»፣ «ሽንዲ ላሉት ለእማማ በሬው ድኗል በይልኝ»። ኃላፊያችን ሬዲዮው ለሥራ ብቻ ነው የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። ማስታወቂያው ሥር ቆመው ነው የሚለምኑኝ! እኔም ሰው ነኝ፤ በየመሐሉ እያሾለክሁ እናገራለሁ፤ ሾፌሮቹ ያደርሳሉ።

አንድ ቀን ማንኩሳ ወንድም ያላት ሴት እያለቀሰች መጣች፤ አባታቸው ሞተዋል። ጋሽ ስንሻው በዚያው መንገድ ላይ ስለነበሩ ማይኩን አንስቼ «ጋሽ ስንሻው፣ ማንኩሳ ላይ እገሌ የሚባል ሰው ፈልገው አባቱ...» ከማለቴ፣ ቃሌን ሳልጨርስ እሳቸውም በላዬ ተጭነው ኖሯል። ሰው ሲናገር በላዩ ላይ ሲጫኑ ያን ቀን ብቻ ነው የማውቃቸው። ስለቅ ድምፃቸው መጣ። «ዝም በሉ ወይዘሪት ትርንጎ! አይናገሩት!»

ማታ ሲመለሱ ልጣላቸው ተዘጋጅቼ ጠበቅኋቸው። ግቢው ውስጥ አንቴናውን ጎንበስ አድርገው በገመድ እያሰሩ ነበር።

«ጋሼ፣ ሌላውን ሁሉ እናገራለሁ፣ መርዶን ለይቼ ለምን አልናገርም? ሰው ቀብር አመለጠው እኮ ነው የሚባለው!»

«መርዶ በእግር ነው የሚሄድ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

«መኪናስ እግር አይደለም?»

ገመዱን ቋጠሩና የራሳቸውን ነገሩኝ። ከዚያ በፊት የሚሠሩበት መሥሪያ ቤትም ሬዲዮ ነበረው። ከሽንዲ ወደ ቡሬ ብቻቸውን ሲመጡ ቢሮ ያለው ሰው ጠራቸው። ክፋት የለውም፤ እንደማንኛውም መልእክት ነው ያነበበላቸው። «ስንሻው፣ የመጀመሪያ ልጅህ ስለሞተ ቶሎ እንድትመጣ፣ ኦቨር» አላቸው። የሬዲዮ ደንብ ነውና መልእክት ሲደርስ ተቀብያለሁ ይባላል።

«ተቀብያለሁ አልኩ» አሉኝ። «እስቲ አስቢው አንቺ ልጅ። ልጄ ሞቷል ሲሉኝ ተቀብያለሁ ብዬ ማይኩን ቦታው ላይ ሰቀልኩት። ከዚያ ያን ሁሉ መንገድ ነዳሁ። የሚይዘኝ ሰው የለ፣ የሚያለቅስልኝ የለ። ቤቴ ስደርስ ሽማግሌዎቹ ሊያረዱኝ ተሰብስበው፣ እኔ ደረቅ ዐይኔን ይዤ ገባሁ። ዕንባዬ መንገድ ላይ ቀረ፤ እስከ ዛሬ አልመጣም። ሬዲዮ አፍ አለው፣ ትከሻ የለውም። እኔ ባለሁበት መኪና ሰው ከሳጥን መርዶ አይሰማም። አበቃ።»

ከዚያ ወዲህ ደንባችን እንዲህ ሆነ። መርዶ ሲመጣ በሬዲዮ ምንም አልልም፤ ጠዋት ሳይወጡ በጆሯቸው እነግራቸዋለሁ። እሳቸው መንደሩ ሄደው ሽማግሌ ይፈልጋሉ፤ ሽማግሌው ጎረቤት ሰብስቦ ንጋት ላይ ያረዳል። የእኛ ሰው እንዲህ ነው የሚያረዳው፤ ሰው ቁርሱን ሳይበላ፣ ቤቱ ሞልቶ፣ የሚደግፈው ግራና ቀኝ ቆሞ።

እኔን ያማረረኝ ሌላው ነገር ነው፤ መቆማቸው። መኪና ከየት ተነሣ፣ የት ደረሰ ብዬ የምመዘግበው እኔ ነኝ። የታደለ መኪና፣ ታደለ ሌላው ሾፌራችን ነው፣ በሁለት ሰዓት የሚጨርሰውን መንገድ ጋሽ ስንሻው አራት ሰዓት ይፈጁበታል። «የት ነዎት?» ስል «ቆሜያለሁ»፤ «ምን ገጠመዎት?» ስል «ሰላም ልል ነው»። ደግሞ ትንሽ ቆይቶ «ቆሜያለሁ»። ኃላፊው መዝገቡን እያየ በእኔ ላይ ይጮኻል፣ እኔ በሬዲዮ እሳቸው ላይ እጮኻለሁ፣ እሳቸው «እሺ ወይዘሪት ትርንጎ» ብለው ሌላ ደጅ ይቆማሉ። አይ ጋሽ ስንሻው! እርጅና ነው፣ ወሬ መውደድ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር።

ምስጢሩ የገባኝ እናቴን ልጠይቅ ፈቃድ ወስጄ በእሳቸው መኪና ሽንዲ የሄድኩ ቀን ነው። ከቡሬ ወጣ እንዳልን አንድ መንደር ስንደርስ መኪናውን ቀዝቀዝ አደረጉት። አንዲት ሴት ደጃፏ ላይ በርበሬ ታሰጣለች። መጀመሪያ ያየችው አንቴናውን ነው። የያዘችው ሰፌድ ከነበርበሬው ወደቀና ሁለት እጇ አናቷ ላይ ወጣ።

«የማንን ነው? አያ ስንሻው፣ የማንን ነው?»

«የማንም አይደል! ውኃ ጠምቶኝ ነው!» አሉ በመስኮት።

ሴትየዋ በርበሬው ላይ ዝርግፍ ብላ ተቀመጠች። ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። «ውኃ ያንቅዎት!» አለች። «ነፍሴን አወጧት እኮ!» ቢሆንም ውኃውን በጣሳ አምጥታ ሰጠችን።

መኪናው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ፣ «አየሽ? ይችን ሣጥን ከያዝኩ ወዲህ ሰው ሲያየኝ ሞት የመጣ ይመስለዋል» አሉኝ። «መርዶ ሳላመጣ መቆም አለብኝ። አምስት ደጅ ለውኃ ከቆምኩ ስድስተኛው ደጅ ለመርዶ ስቆም ሰውየው ቢያንስ ከሩቅ አይደነግጥም። ሌላ ምን ላድርግ? ደከመኝ እኮ።»

ያን ቀን ሰባት ቤት ውኃ ጠጣን። እኔ ሆዴ ተነፍቶ ከባሕር ዛፍ ጀርባ ሦስት ጊዜ ወርጃለሁ። ቢሮ ስመለስ ግን በመዝገቡ ላይ «መንገድ ተበላሽቶ» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ።

የእናቴን ደጅ ያወቁት በዚያ ጉዞ ነው። ከዚያ ወዲህ ሽንዲ በሄዱ ቁጥር እሷ ዘንድ ሳይቆሙ አያልፉም። መኪናውን አይታ የማትደነግጥ እሷ ብቻ ነበረች። «ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት፤ እሷ ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ ስትጮህ ይሰማኛል፣ ምን ያስደነግጠኛል» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርገው፣ በሩን ከፍተው፣ እኔ ሰው ስቆጣ ያሰሟታል። ማይኩን ሲሰጧት ግን እንቢ ነው። «ሳጥንማ አላናግርም!» እኔም ዐሥር ሰዓት ላይ ለቀኑ መዝጊያ ስንገናኝ ሁልጊዜ «እናቴን አገኟት?» እላቸዋለሁ። «አግኝቻታለሁ፤ ቆሎ ልካለች፤ ከስተሻል አሉ፣ ብዪ ብላለች» ይሉኛል። አንድም ቀን ሳልጠይቅ ቀርቼ አላውቅም።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ፤ ስሸሸው ነው የቆየሁት።

ከሰዓት በኋላ ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ቢሮው የሚሰማው ቻናል አንድን ነው። ሾፌሮቹ የግል ወሬያቸውን፣ ኃላፊው እንዳይሰማ፣ ቻናል ሦስት ላይ ነው የሚያወሩት። ሬዲዮው ላይ ደግሞ አንዲት ቁልፍ አለች፤ ከተጫኗት ሁሉንም ቻናል በየተራ እየዞረች ታዳምጣለች። መኪና ሲጠፋብሽ በዚህ ፈልጊው ብለው ያስተማሩኝ ጋሽ ስንሻው ናቸው። ያን ቀን ታደለ ጅጋ ሄዶ ድምፁ ጠፍቶብኝ ነበርና ቁልፏን ተጭኜ ትቻታለሁ። ሪፖርት እየጻፍኩ ሳለ ድምፃቸው መጣ።

«ታደለ፣ ታደለ። መኪናህን አቁም።»

«አቁሜያለሁ ጋሼ።»

«ሞተሩን አጥፋ። ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ። ምነው ጋሼ፣ በሰላም?»

«ጥፍ» አለች መፋቂያዋ። አንቱታው ቀርቷል፣ ኦቨሩ ቀርቷል።

«የቢሮዋ ልጅ፣ የትርንጎ እናት ዐርፈዋል። ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ከደጃቸው ሆኜ ነው የማናግርህ። ቄሶቹን ለምኜ ቀብሩን ለነገ ዘጠኝ ሰዓት አስደርጌያለሁ። አንተ ፍኖተ ሰላም ስትገባ አጎቷ ዘንድ ሂድ፤ የአባቷ ወንድም ነው፣ ቤቱን ታውቀዋለህ። ጎረቤቶቿን፣ ሽማግሌውን ይዞ ንጋት ላይ ይግባላት። እስከዚያ እንዳትሰማ። አንተም ቢሮ አትግባ፤ ፊትህ ይናገርብሃል፤ ቁልፉን ለዘበኛው ስጥ። ታደለ፣ ያቺ ልጅ ከሳጥን እንዳትሰማ። በሰማይ በምድር አደራ።»

«እሺ ጋሼ» አለ ታደለ፤ ድምፁ ተሰባብሯል።

እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር። አልጮኽኩም። የሚገርመኝ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት እናቴን አይደለም፤ ስለ እሷ ማሰብ ገና አልቻልኩም። ያሰብኩት እኚህን ሰውዬ ነው። ሰው ከሳጥን መርዶ እንዳይሰማ ስንት ደጅ ቆመው፣ ስንት ጣሳ ውኃ ጠጥተው፣ እንደገና ደግሞ በገዛ አፋቸው፣ በሬዲዮ፣ ለእኔ! ይህን ካወቁ አለቀላቸው። የልጃቸውን መርዶ እንዳነበበላቸው ሰው ሆኑ ማለት ነው።

ልነሣ አልኩ። የት እሄዳለሁ? በሰዓት እላፊው ምክንያት ከዐሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ መንገዱ ዝግ ነው፤ ከዚያ በፊት ሽንዲ የሚያደርሰኝ መኪና የለም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተቀመጥኩ። ቁልፏን ብቻ አጠፋኋት።

ዐሥር ሰዓት ሲሆን ቻናል አንድ ላይ ጠሩኝ። «ወይዘሪት ትርንጎ፣ እንደምን ዋሉ፣ ኦቨር።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። የት ነዎት፣ ኦቨር።»

«ሽንዲ ነኝ። እዚሁ አድራለሁ፣ መኪናዋ ትንሽ ችግር አለባት፣ ኦቨር።»

መዘገብኩ። እሳቸው ግን አይሰናበቱም። ሁልጊዜ የምጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ዛሬ ካልጠየቅሁ ማወቄን ያውቃሉ። ማይኩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«እናቴን አገኟት፣ ኦቨር።»

ሳጥኑ ለረጅም ጊዜ ሺሺሺ ብቻ አለ። 

«አግኝቻታለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ዛሬ ቤቷ ሰው ሞልቷል። ብቻዋን አይደለችም፣ ኦቨር።»

አልዋሹኝም። በዚያች ሰዓት እንኳ አልዋሹኝም። «ተቀብያለሁ» አልኩና ማይኩን ሰቀልኩት። እሳቸው ምን እንደተሰማቸው ያን ጊዜ ዐወቅሁ፤ ቃሉ አፍ ውስጥ ይቀራል፣ አይዋጥም፣ አይተፋም።

ንጋት ላይ በሬ ተንኳኳ። አጎቴ «ትርንጎ ልጄ» ብሎ ሳይጨርስ ጮኽኩ። ማስመሰል አላስፈለገኝም። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ያፈንኩት ነው የፈነዳው። ጎረቤቶቼ ግራና ቀኝ ያዙኝ፣ አንዷ ፊቴን በነጠላዋ ጠረገችልኝ፣ አጎቴ ከእኔ እኩል አለቀሰ። እውነቴን ነው፤ ዕንባዬ እንደ ጋሽ ስንሻው መንገድ ላይ ሊቀር ምንም አልቀረው ነበር። ሰው ሲይዘኝ ነው የመጣልኝ። ለቀብሩም ደረስኩ፤ ታደለ ነድቶ አደረሰን።

ሠልስቱ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ጋሽ ስንሻው ሦስቱን ቀን ሙሉ ሲላላኩ ነው የከረሙት፤ ለቀስተኛ ሲያመጡ፣ ሲመልሱ፣ ውኃ ሲያስቀዱ። ዐይናቸው ፍም መስሏል። መጥተው አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጡ። መፋቂያቸውን አውጥተው በእጃቸው ያዙት።

«አንቺ ልጅ።»

«አቤት ጋሼ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትሸሽጊኝ። ያን ቀን ታደለን ቻናል ሦስት ላይ ነው ያናገርኩት። ካወራሁ በኋላ ነው ያቺ ቁልፍ ትዝ ያለችኝ፤ እኔው ነኝ ያስተማርኩሽ። ከዚያ ወዲህ ዐይኔ አልተከደነም። ተጭነሻት ነበር?»

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብ አደረግሁ። 

«የምን ቁልፍ?» አልኩ። «ጠፍታ ነበር ጋሼ። አጎቴ እስኪነግረኝ ምንም አልሰማሁም።»

«ማርያምን በዪ።»

የእናቴ አፈር ገና አልደረቀም። በሐሰት መማል እንዴት ያለ ኃጢአት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያሳደገችኝ ይህንን እያስተማረችኝ ነው። ለንስሐ አባቴ ስንቱን ተናዝዣለሁ፣ ይህችን ግን እስከ ዛሬ አላነሣኋትም፤ ምክንያቱም አልተጸጸትኩባትም።

«ማርያምን!» አልኩ።

«ተመስገን» አሉ።  የድንኳኑን ቋሚ ተደገፉ፣ አገጫቸው ሹራባቸው ላይ ወደቀ፣ ወዲያው ማንኮራፋት ጀመሩ። ከፊት ለፊቴ አልቃሿ ለእናቴ ሙሾ እያወረደች ነበር። ተነሥቼ ሄድኩና እጇን ያዝኳት።

«እስቲ ትንሽ ዝቅ አድርጊልኝ እናቴ» አልኳት። «ሰው ተኝቷል።»